የመንፋት መብት

ገደል በበዛባት፣ ሜዳ በስም ብቻ በሚታወቅባት አንዲት አገር ሰው ከሰው የሚነጋገረው በቀንድ ነበር ይባላል። ከአንዱ አፋፍ ቆሞ ማዶ ያለውን ዘመድ ማየት ቀላል ነው፤ በሬውን ሲጠምድ፣ ልጁን ሲቆጣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሄጄ ላናግረው ያለ ግን ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ሽቅብ ወጥቶ እስኪደርስ ጀንበር ታዘቀዝቃለች። ስለዚህ ቀንድ ይነፉ ነበር። ከረዘመ ልቅሶ ነው፤ ከተቆራረጠ ከብት ጠፍቷል፤ ከተንቀጠቀጠ ሙሽራ ወጥታለች። ሕፃኑ ሁሉ ያውቀዋል።

አየሩ ግን የንጉሡ ነው። በጥንት ዘመን የነበረ አንድ ንጉሥ፣ ሕዝቡ በአንድነት ሲነፋ የገዛ አዋጁን መስማት ቢያቅተው፣ ተቆጥቶ አየሩን እንደ መሬት አስሸነሸነው። ወፍራሙን ድምፅ ለጦር አዝማቾች፣ ቀጭኑን ለዳኞችና ለአዋጅ ነጋሪዎች ሰጠ። በመካከል ያለውን፣ ጥርት ብሎ ሩቅ የሚሄደውን መልካም ድምፅ ደግሞ ለመኳንንቱ በጉልት አከፋፈለ። ለእያንዳንዱ ባለ ጉልት ማኅተም ያረፈበት ቀንድ ተሰጠው። በሰው ጉልት የነፋ ከንፈሩን ይተኮሳል።

ከሽንሸናው አንዲት ቁራጭ ድምፅ ተረፈች። የአንጥረኛ መዶሻ ብረት ሲመታ፣ የወፍጮ ድንጋይ ሲዞር የሚወጣው ጩኸት በዚያች ድምፅ ላይ ስለሚያርፍ ከመኳንንቱ አንድም የፈለጋት አልነበረም። ንጉሡም «እንግዲያው ለሕዝቡ ትሁን» አለ። ነጻ አየር ተባለች።

ነጻ ትባል እንጂ ሕግ አላት። ቀንዱ ከአንድ ክንድ አይርዝም። የሚነፋ ሰው አስቀድሞ ያዳምጥ፤ ሌላ እየነፋ ከሆነ ዝም ብሎ ይጠብቅ። ባለ ጉልቶችን አይረብሽ፤ እርሱን የረበሸውን ግን ችሎ ይቀበል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ፣ በንጉሡ አምባ ላይ ቀይ ጨርቅ ሲሰቀል ነጻው አየር በሙሉ ጸጥ ይበል፤ የደመና አድማጮች ዝናብ የሚያዳምጡት በዚያው ድምፅ ነውና።

አትጠገብ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት በዚህች አገር፣ ሁለት ጅረቶች ከሚገናኙበት በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ትኖር ነበር። ከቤቷ ደጅ ሆና የላይኛው ወንዝ ከተራሮቹ ሥር ሲወጣ ይታያታል። ታች፣ ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ በሚያቅፋት ለም ደሴት ላይ ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ጫንያለው ሽንኩርት ያለማል። የሚኖረው በማዶኛው ዳርቻ ነው፤ ውሎው ግን ደሴቲቱ ላይ ነው። ደሴቲቱን ለም ያደረጋት ደራሽ ውሃ ነው፤ የሚያስፈራትም እርሱው። ሩቅ ተራራ ላይ ዝናብ ይጥልና፣ ታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ውሃው ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። አትጠገብ ቀድማ ታየዋለች። ቀንዷን ትነፋለች። ጫንያለውም መቆፈሪያውን ጥሎ ይወጣል። ከእናታቸው ሞት ጀምሮ እንዲህ ኖሩ።

ከጊዜ በኋላ ነጻው አየር ጠበበ። ማር ነጋዴው ገበያው ሲደራ ይነፋል፤ ወጣቶቹ ለፍቅረኞቻቸው ይነፋሉ፤ ሥራ የፈታው ደግሞ ሌላው ስለነፋ ይነፋል። ይህስ ባልከፋ ነበር። በመካከለኛው ድምፅ ሰፊ ጉልት ያላቸው መኳንንት «ነጻ የተባለው ለእኛም ነጻ ነው» ብለው ነፊዎቻቸውን በአፋፉ ላይ ደረደሩ። የአየር ሹሞች ሄደው ቀንዶቹን ለኩ። እያንዳንዱ ልክ አንድ ክንድ ነው። ሹሞቹም አመስግነው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ በመጣው ደራሽ አትጠገብ ከንፈሯ እስኪደማ ነፋች። ታች ማንም ቀና አላለም። አንድ ጊዜ ጫንያለው ቆም ያለ መስሏት ነበር፤ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ቁፋሮውን ቀጠለ። ውሃው ደሴቲቱን ሲሸፍን በዓይኗ አየች። ወንድሟ ሾላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ተረፈ። አብሮት የሚያርሰው ባልንጀራው ገላጋይ ግን እጁ ከጫንያለው እጅ አምልጦ ሄደ። አስከሬኑም አልተገኘ።

ቀብር ከሌለው ልቅሶ በኋላ ጫንያለው ገደሉን ወጥቶ እህቱ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀመጠ።

«እታለም፣ ነፍተሽ ነበር?»

«ነፍቻለሁ። ስንት ጊዜ ነፋሁ!»

«ቀንድስ ሰምተናል። የማን እንደሆነ ነው የጠፋን። ሁሉም አንድ ላይ ይጮሃል። ገላጋይ «ሠርግ ነው፣ ሥራህን ሥራ» አለኝ።»

አትጠገብ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ከሁሉ የከበዳት ይህ ነበር። ሞትን የመሰለ ነገር እየነገረቻቸው ሠርግ መስሏቸው ነበር።

በማግሥቱ ወደ አየር ቤት ሄደች።

አየር ቤት የአየር ጉዳይ የሚታይበት ትልቅ አዳራሽ ነው። ሹሞቹ ለማንም እንዳያዳሉ ጆሯቸውን በጥጥ ይደፍናሉ፤ ሥርዓቱ ነው። ባለ ጉልት ሲመጣ የቀኙ ጥጥ ይወጣል፤ የነጻ አየር ሰው ሲመጣ የግራው። ከሹሞቹ ሁሉ በላይ የሆኑት ብላታ ወንድይራድ ግን በእድሜ ብዛት ግራ ጆሯቸው እምብዛም አይሰማም ነበር። አትጠገብ ይህን አላወቀችም። ተራዋ ደርሶ እጅ ነሥታ ስትናገር፣ ብላታ የግራ ጥጣቸውን በክብር አውጥተው በትዕግሥት አንገታቸውን እየነቀነቁ ቆዩና፣ «መልካም፤ አሁን ጉዳይሽን ተናገሪ» አሏት።

እንደገና፣ ጮክ ብላ ጀመረች። ስለ ደራሹ፣ ስለ ወንድሟ፣ ስለ ገላጋይ። ይህኛውን ሰሟት።

«ቀንድሽን ማን ቀማሽ?»

«ማንም አልቀማኝም፣ ጌታዬ።»

«እንዳትነፊ የከለከለሽ አለ?»

«የለም። ብነፋም የሚሰማኝ አጣሁ እንጂ።»

ብላታ ወንድይራድ ፈገግ አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ድምፃቸውን አለዘቡ። «ልጄ፣ ሁለት ነገር አደባልቀሽ ነው የተቸገርሽው። ሕጉ የሰጠሽ የመንፋት መብት ነው። የመንፋት መብትሽን የነካብሽ ካለ ዛሬውኑ አስረዋለሁ። የመሰማት መብት ግን የባለ ጉልት ነው። ነጻ አየር ላይ የመሰማት መብት የሚባል ነገር የለም።»

«ታዲያ ካልተሰማሁ መንፋቴ ምን ያደርግልኛል?»

«እሱን እኛ አንጠይቅም። ለዚህ ነው ነጻ የተባለው።»

አትጠገብ የሰማችውን በልቧ አገላበጠችው። ልክ ይመስላል፤ ግን የሆነ ቦታ ያመልጣታል። «እሺ፣ ያ ከእኛ ገደል በላይ ያለው መካከለኛ ድምፅ የማን ነው? እኔ አፋፉ ላይ ከተወለድኩ ጀምሮ አንድም ቀን ሲነፋበት አልሰማሁም። ደራሽ ሲመጣ ብቻ በእሱ ልንፋ» አለች።

አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ጥጥ የደፈኑ ሹሞች ሳይቀሩ ቀና አሉ።

«እሱ የደጃች መርዕድ ጉልት ነው» አሉ ብላታ።

«የት አሉ እሳቸው?»

«አያታቸው ናቸው ወደ ሌላ አገር የሄዱት፤ እሳቸውም እዚያው ናቸው። ቀንዳቸው ተሰንጥቋል ይባላል።»

«እንግዲያው ድምፁ ባዶውን ነው ያለው።»

«ባዶ አይደለም! ጸጥታው የእሳቸው ነው። በሰው ጸጥታ ውስጥ ልትነፊ ነው?» ብላታ ጥጣቸውን ወደ ጆሯቸው መለስ አደረጉና ርኅራኄ ይዟቸው እንደገና አወጡት። «ይልቅስ እርከንሽን ቀይሪ። ነጻው አየር ከወፍራም ወደ ቀጭን በእርከን የተከፋፈለ ነው። ሁሉም ሰው ከታች፣ ከመካከልና ከላይ ተከማችቷል። አንቺ በታችኛውና በመካከለኛው መሀል ባለው በሦስተኛው ላይ ንፊ፤ ወንድምሽም ሦስተኛውን ያዳምጥ።»

ደስ ብሏት ተመለሰች። ቀንዷን አስከርክማ ድምፁን ወደ ሦስተኛው እርከን አወጣችው። ለወንድሟም ላከችበት። ሞከሩት፤ ምንም አልሰማም። ሁለተኛም ሞከሩት። በመጨረሻ ጫንያለው ራሱ ገደሉን ወጥቶ መጣና ሲነጋገሩ፣ በማዶኛው ዳርቻ እርከን የሚቆጠረው ከቀጭኑ ጀምሮ እንደሆነ ተረዱ፤ የማዶው ገዥ ሌላ ነው። የእርሷ ሦስተኛ ለእርሱ ሌላ ቁጥር ነበረች። ያችን ቁጥር ደግሞ የማዶው ሕግ ዝግ አድርጓታል፤ በእርሷ መንፋት ብቻ ሳይሆን ጆሮ መስጠትም ያስጠይቃል።

«በደሴቲቱ ላይ ሳለሁ በየትኛው ሕግ ነኝ?» አለ ጫንያለው።

«እኔ እንጃ። ውሃው ሲጎድል የማዶ ነህ፣ ሲሞላ የእኛ ነህ መሰለኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከገላጋይ ወዲህ የሳቁት ያኔ ነበር። አትጠገብ ግን ቀንዱን በጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየችው። የቀንዱን የቀድሞ ድምፅ መልሳ ማግኘት አልቻለችም፤ አንዴ ከተከረከመ አይመለስም። የተረፋት ነገር በሁለት የተጨናነቁ እርከኖች መካከል ያለች፣ የሁለቱም ጩኸት የሚፈስባት ድምፅ ነበረች።

«ደሴቱን ተወው፣ ጫኔ» አለችው።

«ትቼስ ምን ልብላ?» አላት።

ክረምቱ ሊገባ ሲል በአንድ ረፋድ ላይ በንጉሡ አምባ ላይ ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ። የማር ነጋዴው ቀንድ አፉ ላይ ቀረ። የመኳንንቱ ነፊዎች ቁጭ ቁጭ አሉ። ወፍጮ ቆመ፣ መዶሻ ቆመ። በአገሪቱ ላይ እንዲህ ያለ ጸጥታ ወረደና ታች ያለው የወንዝ ሹክሹክታ አፋፉ ድረስ ተሰማ። አትጠገብ ደጇ ላይ ቆማ አየሩን አዳመጠች። ጥርት ያለ ነበር። እናቷ በሕይወት ሳለች እንዲህ ነበረ።

ያኔ ውሃውን አየችው። ከላይ፣ ከተራሮቹ ሥር፣ ጭቃማ ግንባሩን አስቀድሞ ይመጣል። ደሴቲቱ ላይ ጫንያለው አለ፤ ሌሎችም ገበሬዎች አሉ፤ የገላጋይ ሚስት ሳትቀር የባሏን መደብ ልትኮተኩት ወርዳለች።

ቀይ ጨርቁን አየች። ውሃውን አየች። ቢነፋ የሚሰማበት ሰዓት ይህ ብቻ ነው፤ መንፋት የሚከለከልበትም ሰዓት ይኸው ነው። ይህን ያበጀው ሰው ምን አስቦ ይሆን ብላ ማሰብ ጀምራ ነበር፤ አልጨረሰችውም። ነፋች።

ድምፁ ከገደል ገደል እየተቀባበለ ሄደ። ታች ያሉት ሁሉ ባንዴ ቀና አሉ። ማንም ሠርግ ነው አላለም። ሁሉም ወጡ። የገላጋይን ሚስት ጫንያለው እየጎተተ አወጣት። ውሃው ሲደርስ ደሴቲቱ ላይ የቀረው ሽንኩርቱ ብቻ ነበር፤ እርሱም ጠፋ።

አትጠገብ በሹሞች ተይዛ አየር ቤት ቀረበች። ብላታ ወንድይራድ በዳኝነቱ ወንበር ተቀመጡ፤ የደመና አድማጮች አለቃ በከሳሽነት ቆመ። አለቃው ከማዳመጥ ብዛት ጆሮው የሰፋ፣ ቁጡ ሰው ነበር።

«ደመናው ሊናገር አፉን ሲከፍት ይህች ሴት ነፋች። ምን ሊለን እንደነበር አሁን ማን ይነግረናል?» አለ።

«ጎርፍ እየመጣ ነው ሊላችሁ ነበር፣ ጌታዬ» አለች አትጠገብ።

«እሱን አልሰማንም።»

«እኔ ነገርኳችሁ እኮ!»

«አንቺ ደመና አይደለሽም።»

ብላታ ጥጣቸውን እያሻሹ አሰቡ። «ደራሽ ውሃ መጥቷል ወይስ አልመጣም?» ብለው አለቃውን ጠየቁት።

«ስለ ውሃ መምጣት እንዲናገሩ የተሾሙት የደመና አድማጮች ናቸው። የደመና አድማጮች አልሰሙም። ስለዚህ መጥቷል ለማለት አልችልም።»

ጫንያለው ከሕዝቡ መካከል ተነሣ። የለበሰውን ሱሪ ጭቃው ገና አልለቀቀውም። «ጌቶቼ፣ ካልመጣ ሽንኩርቴ የት ሄደ?»

«እሱ የመሬት ቤት ጉዳይ ነው» አሉ ብላታ፣ በትሕትና። «እዚህ አየር ቤት ነው።»

የገላጋይ ሚስት እንባዋ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ የሳቅ ዓይነት ነገር ያዛትና አፏን በእጇ ሸፈነች። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። መጣብን ያሉት ውሃ ስላልመጣ፣ ከእርሱ አዳነችን ሊሉ አልቻሉም። ሊመሰክሩ የመጡት ሁሉ ምን ብለው እንደሚመሰክሩ ጠፋባቸው።

ብላታ ግን፣ እንዳልኩት፣ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከንፈሯ እንዲተኮስ አለቃው ሲጠይቅ እምቢ አሉ። «የመንፋት መብቷን ልነካ አልችልም። እኔ የተሾምኩት ለእሱ ነው። አንቺ ግን፣ ድምፅሽ አምባው ላይ እንዳይደርስ ከእንግዲህ የምትነፊው ከቤትሽ ውስጥ ሆነሽ፣ በርሽን ዘግተሽ ነው። ቤትሽ ውስጥ እንደልብሽ ንፊ፤ ጨርቅ ተሰቀለ አልተሰቀለ አይመለከትሽም» ብለው ፈረዱ።

አትጠገብ እጅ ነሥታ ወጣች። ማመስገን ይገባት አይገባት አላወቀችም። ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችና ነፋች። ጭቃው ግድግዳ ድምፁን ዋጠው። ደጅ ቆሞ የነበረው ጫንያለው እንኳ፣ «ጀመርሽ?» አላት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን እንዳሰበው አይታወቅም። አንዳንዱ የገላጋይ ሚስት ናት ይላል። የደሴቲቱ ገበሬዎች አንድ ቀን ረፋድ ላይ መቆፈሪያቸውን ይዘው ገደሉን ወጡ። አትጠገብን ደጅ አስቀመጧት። የቤቱን ምርጊት አራገፉ፤ ማገሩን ፈቱ። ጣራውን የያዙትን ቋሚዎች ብቻ ተዉ፤ በሩንም ከነመቃኑ በቦታው አቆሙት። ሲጨርሱ ነፋሱ ከአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ይወጣ ጀመር።

«ይኸውልሽ» አለች የገላጋይ ሚስት፣ እጇን እያራገፈች። «ውስጥ ነሽ።»

አትጠገብ ወደ ቤቷ ገባች። ገባች ይባል እንደሆነ። አልጋዋ ከገደሉ ማዶ ይታያል። ያ ክረምት በዝናብ አራሳት፤ ጉንፋን አልለቀቃት አለ። አንዳንዴ ሊጥ እያቦካች ሳለ ቤት ውስጥ መሆኗን ትረሳና በሩን ከፍታ ልትወጣ ትነሣለች፤ ወይም ደጅ መሆኗን ትረሳና ማዶ ያሉ ሰዎች ሲያዩዋት ትደነግጣለች። ወንድሟ ግድግዳው ይመለስልሽ ብሎ ቢለምናትም እሷ አልፈለገችም።

ቀጣዩ ደራሽ የመጣው እንደገና ቀይ ጨርቅ በተሰቀለበት ቀን ነበር። አትጠገብ ውሃውን እንዳየች ሮጣ በበሩ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ መወርወሪያውንም አስገባች። ነፋች። አገሩ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ። ታች ያሉት መውጣት ጀመሩ።

የደመና አድማጮች አለቃም ሰምቶ ነበርና በቅሎውን እየኮለኮለ መጣ። ቤቱ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። በሩ ተዘግቷል። ሴትዮዋ ከበሩ ወዲያ ቆማ ጉንጯን ነፍታ ስትነፋ ቁልጭ ብላ ትታየዋለች። በግራ በኩል ሁለት እርምጃ ቢራመድ ቀንዱን ከእጇ ይቀማታል። ግን በዚያ ከገባ ቤት የለም ማለት ነው፤ ቤት ከሌለ ደግሞ ፍርዱ ምን ላይ ቆመ? ፍርዱ የንጉሡ ነው። አለቃው ላብ አጠመቀው። በሩን አንኳኳ። አልከፈተችም፤ አልሰማችውም። ባርኔጣውን አውልቆ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና መጠበቅ ጀመረ።

ታች ደሴቲቱ በውሃ ተሸፈነች። ማንም አልነበረባትም።

ጫንያለው ከሁሉ ቀድሞ ገደሉን ወጥቶ ብቅ አለ። ከወገቡ በታች እርጥብ ነው፤ ያለከልካል። እህቱ አሁንም እየነፋች ነበር፤ ሁሉም እንደወጡ አላወቀችም። ሊነግራት ቸኩሎ ግድግዳው በነበረበት በኩል እግሩን ሲያስገባ አለቃው ከድንጋዩ ላይ ተፈናጥሮ ተነሣ።

«ኧረ ሰውዬ! በበሩ ግባ እንጂ! የሰው ቤት እንዲህ ይገባል?»

ጫንያለው የገባውን እግሩን አየ። የአለቃውን ፊት አየ። ቀልድ አልነበረበትም። ግራ ገባው፤ እግሩን መለሰና፣ አፍሮ፣ ዞሮ መጥቶ በሩን አንኳኳ።

አትጠገብ ቀንዷን ከአፏ አወረደች።

«ማነው?» አለች።